የድሮው ቻርጀር ለአዲሱ ኮምፒውተር ይሆናል ወይ?

በረሆቮት ቂርያት ሞሼ ሰፈር ባሉ ብዙ ቤቶች ከስንት አንዴ የሚከፈት መሳቢያ አለ። ውስጡ የተጠቀለለ ገመድ፣ የማን እንደነበረ የተረሳ የስልክ ቻርጀር፣ ጡብ የመሰለ ጥቁር የላፕቶፕ ቻርጀር ተደራርቦ ይገኛል። እናት «ኧረ ጣሉልኝ» ይላሉ፤ አባት ደግሞ «ተዪው፣ አንድ ቀን ይፈለጋል» ይላሉ። ያ ቀን የሚመጣው ብዙ ጊዜ የልጅ ልጅ ከሠራዊት ወጥቶ ወይም ሥራ ቀይሮ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ነው። «ሳባ፣ ይሄኛው ለእርስዎ ይሁን» ብሎ ሦስት ዓመት የሠራበትን ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ቻርጀሩ ግን አብሮ የለም። ወይ ባቡር ላይ ተረስቷል፣ ወይ ደግሞ ስልኩንም ኮምፒውተሩንም በአንዱ ስለሚሞላ ልጁ ለራሱ አስቀርቶታል።

ያኔ መሳቢያው ይከፈታል። የድሮው ቻርጀር ጫፍ ክብ ነው፤ የአዲሱ ኮምፒውተር ቀዳዳ ደግሞ ትንሽ፣ ሞላላ፣ ከስልክ ቀዳዳ የማይለይ። አልገጥም ይላል። ሄርጽል መንገድ ወጣ ብለው አንዱን የስልክ ሱቅ ሲጠይቁ ባለሱቁ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ነገር ያወጣል። በአንድ በኩል የድሮውን ክብ ጫፍ ትቀበላለች፣ በሌላ በኩል አዲሱ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ዋጋዋም ከአዲስ ቻርጀር ዋጋ ያንሳል። «በቃ፣ ችግሩ ተፈታ» ያሰኛል። ግን ገጠመ ማለት ሠራ ማለት ነው ወይ?

አይደለም። አንዳንዴ በደንብ ይሠራል፤ አንዳንዴ ግማሽ በግማሽ ይሠራል፤ አንዳንዴም ኮምፒውተሩን ይዞት ይሄዳል። የትኛው እንደሚሆን የሚናገረው ጫፉ ሳይሆን ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ነው።

ነገሩ የገመድ ጉዳይ ብቻ ቢሆን እንዲህ ባላወያየ ነበር። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆኖ ዓሊያ የሚጠባበቅ እህት ወንድም ያለው ሰው የወገኑን ፊት የሚያየው በዚሁ ኮምፒውተር መስኮት ነው። የስልክ ስክሪን ለደከመ ዓይን ትንሽ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ግን የእህት ልጅ ምን ያህል እንዳደገች፣ ወንድም ከስቶ እንደሆነ ይታያል። የኩፓት ሆሊም ቀጠሮና የቢቱዋሕ ለኡሚ ፎርምም ወደ ኮምፒውተር ከዞረ ቆይቷል። ኮምፒውተሩ በአንዲት ትንሽ ማገናኛ ምክንያት ቢቃጠል፣ በጡረታ ገንዘብ ሌላ መግዛት ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ የቃል ነገር እናጥራ። በዕብራይስጥ ቻርጀሩ «ማትኤን» ይባላል፤ ጫፍ የሚቀይረው ማገናኛ ደግሞ «ማትኤም»። ሲነገሩ በመጨረሻው ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ስለሆኑ ሱቅ ውስጥ ጆሮን ያታልላሉ። ማትኤን የጠየቀ ሰው ማትኤም ተሰጥቶት ቤቱ የሚገባበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኮምፒውተሩንም የድሮውን ቻርጀርም በከረጢት ይዞ ሄዶ እያሳዩ መጠየቅ ይሻላል።

ቻርጀሩ የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነው። በእስራኤል ከግድግዳ የሚወጣው ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። ላፕቶፑ የሚፈልገው ግን 20 ቮልት ገደማ ነው። ጥቁሩ ሳጥን ያን ብርቱ ጉልበት ተቀብሎ፣ አለዝቦ፣ ለኮምፒውተሩ በሚስማማው ልክ ያቀርባል። ልኩ የሚነገረው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ በቮልትና በአምፔር።

ቮልት ማለት ግፊት ነው። ውኃ ከኮረብታ ሲወርድ ኮረብታው ከፍ ባለ መጠን ውኃው በኃይል ይመታል። አምፔር ደግሞ የሚወርደው ውኃ ብዛት ነው። በግፊቱ ላይ ቀልድ የለም፤ ኮምፒውተሩ 20 ለምዶ 30 ቢመጣበት ውስጡ ይቃጠላል። በብዛቱ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሶቡ ላይ አስር እንጀራ ቢቀርብ እንግዳው አስሩንም አይበላም፤ የሚበቃውን በልቶ እጁን ይታጠባል። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው፤ 3 አምፔር የሚበቃው ከሆነ ቻርጀሩ 4 ቢችልም የሚወስደው 3 ብቻ ነው። ችግር የሚመጣው መሶቡ ሲጎድል ነው። ለሦስት ሰው የቀረበ ምግብ ለስድስት ሲካፈል ሁሉም እንደራበው ይነሣል። ትንሽ ቻርጀር ለትልቅ ኮምፒውተር ሲሰጥም ባትሪው እየተሠራበት ቀስ እያለ ያልቃል፣ ወይም ቻርጀሩ ከአቅሙ በላይ ሲጎተት ይግላል።

ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ ዋት ይወጣል። 19.5 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር 3.34 አምፔር ቢችል 65 ዋት ነው። 4.62 አምፔር ቢችል 90 ዋት። ቀለል ያሉ ላፕቶፖች በ45 ወይም በ65 ዋት ይጠግባሉ። ለጨዋታና ለፊልም ሥራ የተሠሩ ከባድ ኮምፒውተሮች ግን 180 ዋትና ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ።

ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ሁለት መስመር ይፈለግ። «ኢንፑት» የሚለው ከግድግዳ የሚገባው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ይላል። «አውትፑት» የሚለው ወደ ኮምፒውተሩ የሚወጣው ነው፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ቪ የምትባለው የላቲን ፊደል አጠገብ ያለው ቁጥር ቮልት፣ ኤ አጠገብ ያለው አምፔር፣ ደብልዩ አጠገብ ያለው ዋት ነው። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ መነጽር ያደረገም ላያነበው ይችላል። በስልክ ፎቶ አንስቶ ማጉላት ያቃልለዋል። እዚያው አጠገብ መደመርና መቀነስ ምልክት ያለበት የክብ ሥዕል ይኖራል። እሱ የሚናገረው ከክቡ ጫፍ መሐሉ አዎንታዊ ይሁን አሉታዊ ነው፤ በላፕቶፕ ቻርጀር መሐሉ አዎንታዊ መሆኑ የተለመደ ነው፤ የሌላ ዕቃ ቻርጀር ግን የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። የራውተር ወይም የማሳጅ ወንበር ቻርጀር ክብ ጫፉ ስለተመሳሰለ ብቻ ላፕቶፕ ላይ አይሰካም።

ታዲያ ይሄ ሁሉ የጫፍ ዓይነት ከየት መጣ? ከፋብሪካዎቹ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ጫፍ ሠራ፣ ራሱም በየጊዜው ቀየረው። ሌኖቮ ለብዙ ዓመታት በቲንክፓድ ኮምፒውተሮቹ ላይ ወፍራም ክብ ጫፍ ሲጠቀም ቆይቶ በ2012 እና በ2013 ገደማ ወደ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ጫፍ ዞረ፤ ከ2017 እና ከ2018 ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹን ወደ ሞላላዋ አዲስ ቀዳዳ አዛወረ። ኤችፒ ወፍራሙን ጫፍ ትቶ ወደ ቀጭኑ ሰማያዊ ጫፍ ሲሻገር የድሮው ቻርጀር እንዳይጣል አጭር ማገናኛ ከካርቶኑ ጋር ይሰጥ ነበር። አፕል በ2006 በማግኔት የሚጣበቅ ጫፍ አመጣ፣ በ2012 አቀጠነው፣ ለድሮው ቻርጀር የሚሆን ትንሽ ማገናኛም ራሱ ሸጠ። በነዚህ ሁሉ ማገናኛዎች አንድ ነገር የጋራ ነው፤ በሁለቱም በኩል ያለው ቻርጀርና ኮምፒውተር የአንድ ኩባንያ ሲሆን ቮልቱም የተስማማ ነው። ማገናኛዋ ቅርጽ ብቻ ነው የምትቀይረው። እንዲህ ያለችው ከጠፋ ዘመድ መሐል እንደምትገባ አስታራቂ ናት፤ አትጎዳም።

ዴል ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። በክቡ ጫፍ መሐል እንደ መርፌ የቀጠነች ሽቦ ቆማለች። በእሷ በኩል ቻርጀሩ ለኮምፒውተሩ «እኔ የዚህን ያህል ዋት ነኝ» ብሎ ይነግረዋል። ርካሽ ማገናኛ ያችን መርፌ ካላስተላለፈ ወይም መርፌዋ ከታጠፈች፣ ኮምፒውተሩ የቻርጀሩን ዓይነት መለየት አልቻልኩም ብሎ ይጽፋል። ይበራል፣ ግን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባትሪውንም አይሞላም። ብዙ ሰው ያኔ «ባትሪው ሞተ» ብሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው፤ በሽታው ባትሪው ላይ አይደለም፣ መርፌዋ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሞላላዋ ቀዳዳ እንምጣ። ስሟ ዩኤስቢ ሲ ነው። በ2014 ይፋ ሆነች፤ አፕል በ2015 ባወጣው ቀጭን ማክቡክ ላይ ለቻርጅም ለሌላውም ሥራ እሷን ብቻ አደረገ። ሌሎቹም ተከተሉ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሕግ አወጣ፤ ስልኮች ከታኅሣሥ ወር መጨረሻ 2024 ጀምሮ፣ ላፕቶፖች ከሚያዝያ 28 ቀን 2026 ጀምሮ በዚህች ቀዳዳ መሞላት አለባቸው የሚል። እስራኤል በዚያ ኅብረት ውስጥ ባትሆንም ፋብሪካዎቹ ለአውሮፓ አንድ ለእኛ ሌላ አይሠሩም፤ ስለዚህ የቂርያት ሞሼውም መሳቢያ ውሎ አድሮ በዚህች ጫፍ መሞላቱ አይቀርም።

ይህች ቀዳዳ ከድሮዎቹ የምትለየው ስለምትነጋገር ነው። የድሮው ክብ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ከተሰካበት ቅጽበት ጀምሮ 19 ወይም 20 ቮልቱን ጫፉ ላይ ይዞ ይጠብቃል፤ ማን እንደሚቀርበው አይጠይቅም። የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ግን ሲሰካ ዝም ነው የሚለው። ከወዲያ በኩል ዕቃ መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ በ5 ቮልት ይጀምራል። ከዚያ «ምን ትፈልጋለህ? 9 አለኝ፣ 15 አለኝ፣ 20 አለኝ» ይላል። ስልኩ ትንሹን ይመርጣል፣ ላፕቶፑ 20ውን ይመርጣል። በዚህ ስምምነት እስከ 100 ዋት ይሄዳል፤ በ2021 በወጣው አዲስ ደንብ ደግሞ እስከ 240 ዋት። አንድ ቻርጀር ስልክንም ላፕቶፕንም የሚያገለግለው ለዚህ ነው፤ እንደ አገር ቤት እንግዳ ተቀባይ ሳይጠይቅ አያቀርብም።

እንግዲህ የድሮውን ክብ ቻርጀር ወደ ዩኤስቢ ሲ የምትቀይረው ማገናኛ ሥራዋ ከባድ ነው። ዝም ብሎ 20 ቮልት የሚገፋውን ቻርጀር፣ ሳይነጋገር ከማይቀበለው ኮምፒውተር ጋር ማግባባት አለባት። በደንብ የተሠራችው ውስጧ ትንሽ ቺፕ አላት፤ ከኮምፒውተሩ ጋር በቻርጀሩ ፈንታ ትነጋገራለች፣ «20 ቮልት፣ ይህን ያህል አምፔር አለኝ» ትላለች፣ ስምምነት ሳይኖር በሩን አትከፍትም። ክፉዋ ደግሞ ሽቦ ብቻ ናት። ሁለቱን ጫፎች አገናኝታ 20ውን ቮልት በቀጥታ ትለቃለች። አንዳንድ ላፕቶፕ ይችለው ይሆናል። ነገር ግን የልጅ ልጅ መጥታ «ሳፍታ፣ ስልኬ ሊጠፋ ነው» ብላ ያችኑ ጫፍ ስልኳ ላይ ብትሰካው፣ 5 ቮልት የሚጠብቀው ስልክ አራት እጥፍ ይመጣበታል። ስልኩ ወዲያው ሊሞት ይችላል። ሁለቱ ማገናኛዎች ሲታዩ ደግሞ አንድ ናቸው፤ በዓይን አይለዩም።

ሌላው ወጥመድ ማገናኛዋ ስለማታውቀው ቻርጀር መመስከሯ ነው። 65 ዋት ብላ እንድትናገር ተሠርታ ከሆነ፣ ከኋላዋ ያለው ቻርጀር 45 ዋት ብቻ ቢሆንም 65 ትላለች። ኮምፒውተሩ አምኖ ይጎትታል። ጥሩ ቻርጀር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ያጠፋል፤ ርካሹ ግን እስኪቀልጥ ይግላል። የተገላቢጦሹም አለ፤ 90 ዋት ቻርጀር ይዘው ማገናኛዋ 65 ብቻ ብትናገር ጉዳት የለውም፣ ኮምፒውተሩ ትንሽ ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ።

የቮልቱም ነገር እንዲሁ መታየት አለበት። የዩኤስቢ ሲ ደንብ 20 ሲል ከ19 እስከ 21 ይፈቅዳል። ስለዚህ የሌኖቮ 20 ቮልት በደንብ ይስማማል፤ የዴልና የአብዛኛው ኤችፒ 19.5 ይስማማል። 19 የሚሉት፣ በአሱስ፣ በኤሰርና በቶሺባ ብዙ ያሉት፣ ዳር ላይ ናቸው፤ ሥራ ሲበዛ ቮልቱ ትንሽ ስለሚወርድ ኮምፒውተሩ አንዴ ሞላሁ አንዴ አልሞላሁም እያለ ያስቸግራል። ኤችፒ በድሮ ጊዜ ያወጣቸው 18.5 የሚሉት፣ የጥንቱ የአይቢኤም ቲንክፓድ 16 የሚለውና የድሮዎቹ የአፕል ማግኔት ቻርጀሮች ለዚህ አይሆኑም። እነሱን ለማስገባት ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

ረሆቮት በነገራችን ላይ ለኮምፒውተር እንግዳ ከተማ አይደለችም። የእስራኤል የመጀመሪያዋ ኮምፒውተር ዋይዛክ በ1954 እና በ1955 የተሠራችው እዚሁ፣ በዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ግቢ ውስጥ ነው፤ እስከ 1963 መጨረሻ አገልግላለች። በቫልቭ የምትሠራ ግዙፍ ማሽን ነበረች። ጭን ላይ ተቀምጣ በአንዲት ቀጭን ገመድ የምትጠግበውን የዛሬዋን ያኔ ማንም አላሰበም።

ማገናኛዋ ተገዝታ ቤት ገባች እንበል። የመጀመሪያው ቀን ሰው ባለበት ይሁን። መጀመሪያ ማገናኛዋን ከቻርጀሩ ጫፍ ጋር፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ፣ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ መሰካት ጥሩ ነው፤ ብልጭታ ይቀንሳል። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሳጥኑንም ማገናኛዋንም በእጅ መንካት። ሞቅ ማለት የተለመደ ነው። እጅ ሊቆይበት የማይችል ትኩሳት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ወይም የሚንጣጣ ድምፅ ካለ ግን ከግድግዳው ነቅሎ መተው ነው። ኮምፒውተሩ ሥር ያበጠ ነገር ከታየ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ ወይም የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተገፋ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ችግሩ ከቻርጀር አልፏል፤ ጨርሶ ቻርጅ አይደረግም፣ አይጫንም፣ አይበሳም፣ ወደ ባለሙያ ይወሰዳል።

ማገናኛዋ ከኮምፒውተሩ ጎን ወጣ ብላ ስለምትቆም ሌላ ጣጣ አላት። ወፍራሙ የድሮ ገመድ ሲንጠለጠልባት ቀዳዳውን እንደ ፍልጥ ማንሻ ታነቃንቀዋለች። የላፕቶፑ ቀዳዳ ከላላ ደግሞ ጥገናው ከቻርጀሩ ይበልጥ ያስወጣል። ገመዱ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ እንጂ አይንጠልጠል። አጭር ጅራት ያላት ማገናኛ፣ ማለትም በሁለቱ ጫፎች መሐል ስንዝር ያህል ገመድ ያላት፣ ከድፍኗ ትሻላለች።

ብዙ ቤት የሚታየው ትልቁ አደጋ ግን ማገናኛዋ ላይ ሳይሆን የተሰካችበት ላይ ነው። «ማፍጸል» የሚባለው ማከፋፈያ፣ አገር ቤት ዲቫይደር የሚሉት፣ ክረምት ሲገባ ማሞቂያውን፣ ዓርብ ማታ ፕላታውን፣ በተጨማሪም ላፕቶፑን ይሸከማል። ላፕቶፑ ብቻውን ምንም አይደለም፤ 65 ዋት ከአንድ የድሮ አምፖል ጋር እኩል ነው። ማሞቂያ ግን 2000 ዋት ሊደርስ ይችላል። ማሞቂያና ፕላታ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ፤ ማከፋፈያው ለቀላሉ ይቅር። ላፕቶፕም በፍራሽና በብርድ ልብስ ላይ ሆኖ አይሞላ፣ ትንፋሹ ይታፈናልና።

ሰንበት ላይ ይሄ ነገር ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ዓርብ ከሻማ ማብራት በፊት የተሰካ ቻርጀር እስከ ቅዳሜ ማታ የሚነቅለው የለም። ያልተፈተነ ማገናኛ ይዞ 25 ሰዓት ማቆየት አያስፈልግም፤ ኮምፒውተሩን ሞልቶ፣ ዓርብ ከሰዓት ነቅሎ፣ መሳቢያው ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። እሳት ወይም ጭስ ከተነሣ ግን ሰንበትም ቢሆን የነፍስ ማዳን ነገር ስለሆነ አይጠበቅም፤ ከቤት ወጥቶ 102 መደወል ነው። ገና የሚነድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ውኃ አይደፋም።

ብዙ ሰው አገር ቤት ሲሄድ ለወንድም ወይም ለእህት ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ሻንጣ ውስጥ ይይዛል። ለዚያ መንገድ ጥቂት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ቻርጀሩ ላይ «ኢንፑት» ከ100 እስከ 240 ካለ እዚያም ያለ ሌላ መቀየሪያ ይሠራል። የማይገጥመው የእስራኤሉ ባለ ሦስት እግር ሶኬት ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተለመደው ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ለዚህ ደግሞ ማገናኛ በማገናኛ ላይ መደራረብ አያስፈልግም። ከግድግዳው እስከ ጥቁሩ ሳጥን ያለው ገመድ ተነቃይ ነው፤ ባለ ሦስት ቀዳዳ የሆነውም፣ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለውም በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ የአገሩን ገመድ ገዝቶ መቀየር ይቻላል። መብራት እየሄደ እየመጣ በሚያስቸግርበት ሰፈር መብራቱ ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋ መጠበቅ ጥሩ ነው። ላፕቶፑን ሲልኩ ደግሞ የድሮ ቻርጀርና ያልታወቀች ማገናኛ ከመላክ፣ ቻርጀሩ የራሱ ቢሆን ይመረጣል፤ እዚያ ማገናኛዋ ስትበላሽ የሚተካት ማግኘት ከባድ ነውና ኮምፒውተሩ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

መግዛት ካስፈለገ ከምን ይገዛል? ማገናኛዋ ላይ ወይም ማሸጊያዋ ላይ ስንት ቮልትና ስንት ዋት እንደምትችል የተጻፈ መሆን አለበት። ምንም ያልተጻፈባት፣ የአስመጪው ስም በዕብራይስጥ የሌለባት ከሆነች መተው ነው። ለየትኛው ኩባንያ ቻርጀር እንደተሠራችም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ክብ ጫፎች ሲታዩ ይመሳሰላሉ እንጂ በሚሊ ሜትር ይለያያሉ፣ አንዱ ወፍራም 7.4 ነው፣ አንዱ 4.5 ነው፣ ሌላው 5.5 ነው። ላልቶ የሚገባ ጫፍ ብልጭ ድርግም እያለ ይግላል። ደረሰኝ፣ ማለትም «ካባላ»፣ ይቀመጥ። በስልክ የሚደውል ሻጭ አግባብቶ የሸጠ እንደሆነ ደግሞ የእስራኤል የሸማቾች ሕግ 65 ዓመት ለሞላቸው፣ እንዲሁም ለአዲስ ዖሊም፣ ንግግር ያለበትን የርቀት ግዢ እስከ አራት ወር ድረስ የመሰረዝ መብት ይሰጣል፤ ለሌላው ሰው 14 ቀን ነው።

ሒሳቡን በቅጡ ላየው አንድ ነገር ይገለጣል። በእጅ ያለው የድሮ ቻርጀር 20 ወይም 19.5 ቮልት፣ 65 ወይም 90 ዋት ከሆነ፣ ገመዱ ካልተላጠ፣ ጥሩ ቺፕ ያላት ማገናኛ መግዛት ያዋጣል፤ ለሳሎን ወይም ለመጠባበቂያ ይሆናል። ከዚያ ውጪ ከሆነ ወይም ቁጥሩ ከተፋቀ፣ 65 ዋት የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር መግዛት ይቀላል። ያ ቻርጀር ስልኩንም ስለሚሞላ የቤቱን ገመድ በግማሽ ይቀንሰዋል። ከ60 ዋት በላይ ለሚሰጥ ቻርጀር ግን ገመዱም የዚያ አቅም ይኑረው፤ የስልኩ ቀጭን ገመድ እስከ 60 ዋት ድረስ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሰው ትልቅ ቻርጀር ገዝቶ «ቀስ ይላል» ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው።

ያረጀውና የማይሆነው ቻርጀር አረንጓዴው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣልም። በ2012 የወጣውና ከመጋቢት 2014 ጀምሮ የሚሠራው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችና የባትሪ ሕግ አዲስ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ተመሳሳዩን አሮጌ ዕቃ እንዲቀበል ያስገድዳል። አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማስረከብ ይቻላል፤ ባለሱቁ እምቢ ቢል ሕጉ ከገዢው ጋር ነው።

ለቀረው መሳቢያ ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። የልጅ ልጅ ያነባል፣ አያት ይጽፋሉ። በነጭ ፕላስተር ቁራጭ ላይ፣ በአማርኛ፣ «የሌኖቮው፣ 20 ቮልት፣ 65 ዋት»፣ «የድሮው ኤችፒ፣ 18.5፣ ለአዲሱ አይሆንም»፣ «የራውተሩ፣ ኮምፒውተር ላይ አይሰካም» እየተባለ በየገመዱ አንገት ላይ ይለጠፋል። ማገናኛዋ ላይ ደግሞ ቀይ ፕላስተር ዞሮ «ስልክ አይነካም» ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ያልተነበበው ወደ ካርቶን ይገባል፤ ካርቶኑም ሌላ ቀን ለሱቅ ሲሄዱ በዚያው ይወጣል።